ሰይፍና ቃል፦ ክርስቲያናዊ ብሔርተኝነት በሉተራውያን ትምህርት ሲመዘን

በሰኔ 2024 የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ክፍለ ግዛት አንድ ሕግ አጸደቀች። በመንግሥት ገንዘብ በሚተዳደር ትምህርት ቤት ሁሉ፣ ከአንደኛ ደረጃ እስከ ዩኒቨርሲቲ፣ በእያንዳንዱ መማሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ ዐሥርቱ ትእዛዛት ይለጠፉ የሚል ነው። ወረቀቱ ቢያንስ 11 በ14 ኢንች እንዲሆን፣ ጽሑፉም በትልልቅ ፊደላት እንዲታተም ሕጉ ራሱ ወስኗል። የሚለጠፈውንም ቃል አንድ በአንድ አስፍሯል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 ተመሳሳይ የኬንታኪ ሕግ ሽሮ ስለነበር ነገሩ ወዲያው ፍርድ ቤት ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሉተራዊ ወላጅ ግን ዳኞቹን ሳይጠብቅ አንድ ነገር ያስተውላል። ሕጉ ባሰፈረው ዝርዝር ውስጥ የተቀረጸ ምስል እንዳይደረግ የሚከለክለው ቃል አለ። የሉተራውያን እምነት መሥራች የሆነው ጀርመናዊው የተሐድሶ መምህር ማርቲን ሉተር በ1529 ለቤተሰብ ማስተማሪያ ባዘጋጀው ትንሹ ካቴኪዝም ውስጥ ይህ ቃል ራሱን ችሎ አይገኝም። ሉተራውያንና ካቶሊኮች የምስሉን ነገር የአንደኛው ትእዛዝ አካል አድርገው ይቆጥሩታል፤ ዐሥር እንዲሞላ ደግሞ «አትመኝ» የሚለውን ለሁለት ይከፍሉታል። ካልቪናውያን፣ የሌላው ተሐድሶ አራማጅ የካልቪን ተከታዮች፣ ምስሉን ሁለተኛ ትእዛዝ ያደርጉታል። የአይሁድ አቆጣጠር ከሁለቱም ይለያል። እንግዲህ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ትእዛዛቱን ልለጥፍ ሲል፣ አስቦበትም ይሁን ሳያስብበት፣ «የማንን ትእዛዛት?» የሚለውንም አብሮ ወስኗል። ይህን ለመወሰን ሥልጣኑን ከየት አገኘ?

ክርስቲያናዊ ብሔርተኝነት ላይ ሉተራውያን የሚያነሡት ክርክር ከዚህ ጥያቄ ይነሣል። ክርክሩ «ሃይማኖት በፖለቲካ አይግባ» ከሚለው የተለመደ አባባል ጋር አንድ እየመሰላቸው ብዙዎች ይሳሳታሉ።

ክርስቲያናዊ ብሔርተኝነት ሲባል ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ «ብሔር» የሚለው አገርን እንጂ በእኛ ፖለቲካ የለመድነውን የብሔረሰብ ትርጉም አይመለከትም። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ አገሪቱ በመሠረቷ የክርስቲያኖች ናት፤ መንግሥትም ይህ ማንነት እንዲጸና በሕግ፣ በትምህርትና በሥልጣን መሥራት አለበት። ከዚህ ተነሥቶ ክርስቲያን ያልሆነው፣ ወይም ክርስትናው «ልክ ያልሆነው»፣ ዜግነቱ ጎደሎ ተደርጎ ይታያል።

ፒ.አር.አር.አይ. የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ይህን የሚለካው አምስት አባባሎችን አቅርቦ ሰዎች የተስማሙበትን መጠን በመጠየቅ ነው። መንግሥት አሜሪካን የክርስቲያን አገር ብሎ ያውጅ፤ ሕጎቿ በክርስቲያናዊ እሴቶች ላይ ይመሥረቱ፤ ከክርስቲያናዊ መሠረቷ ከራቀች አገር አትሆንም፤ እውነተኛ አሜሪካዊ ለመሆን ክርስቲያን መሆን አስፈላጊ ነው፤ እግዚአብሔር ክርስቲያኖችን የጠራው በአሜሪካ ኅብረተሰብ ዘርፎች ሁሉ ላይ እንዲገዙ ነው። ተቋሙ በ2023 ባወጣው ውጤት መሠረት ከአሜሪካውያን 10 በመቶው ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ የሚደግፉ፣ 19 በመቶው ደግሞ ወደዚያ የሚያዘነብሉ ናቸው።

ከዚህ ስም ውጭ መቆየት ያለባቸውም አሉ። አገሩን የሚወድ ክርስቲያን ብሔርተኛ አይባልም። በእምነቱ ተመርቶ ድምፅ የሚሰጥ፣ ለምክር ቤት የሚወዳደር ወይም ፅንስ ማቋረጥን የሚቃወም ሰውም እንዲሁ። ተቃዋሚዎች የማይወዱትን ክርስቲያን ሁሉ በዚህ ስም ሲጠሩ ስሙ ትርጉም ያጣል፤ ይህም በአሜሪካ ክርክር ውስጥ በየቀኑ የሚታይ ነው። መለያው ሰውየው የሚያምነውን ለማስፈጸም የመንግሥትን እጅ ለምን ተግባር እንደሚፈልግ ነው።

ሉተር ምን አስተማረ?

ነገሩ የተጀመረው በመጽሐፍ ክልከላ ነው። ሉተር በ1522 አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ ሲያወጣ፣ የሳክሶኒው መስፍን ጊዮርጊስና ሌሎች ገዢዎች በግዛታቸው ያለው ቅጂ ሁሉ ለሹማምንት እንዲመለስ አዘዙ። ምእመናን ግራ ገባቸው። ጳውሎስ በሮሜ 13 ለባለሥልጣን ተገዙ ይላል፤ ታዲያ ወንጌሉን እናስረክብ?

ሉተር በ1523 ስለ ሥጋዊ ሥልጣንና ስለ ወሰኑ በጻፈው ድርሳን የሰጠው መልስ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ አንዲት ገጽ፣ አንዲት ፊደል እንኳ አታስረክቡ፤ መስፍኑ በነፍስ ላይ ሥልጣን የለውምና። ሁለተኛ፣ ወታደር መጥቶ ቤታችሁን ፈትሾ መጽሐፉን በኃይል ቢወስድ ግን በሰይፍ አትከላከሉ፤ ግፉን ተቀበሉ፤ በግፉ ግን አትተባበሩ። ሁለቱ ክፍሎች አብረው መያዝ አለባቸው። ከጊዜ በኋላ ብዙዎች የመጀመሪያውን ትተው ሁለተኛውን ብቻ ሲያነቡ ምን እንደደረሰ ወደ በኋላ እናየዋለን።

ከዚህ መልስ በስተጀርባ ያለው «ሁለቱ መንግሥታት» ወይም «ሁለቱ አገዛዞች» የሚባለው ትምህርት ነው። እግዚአብሔር ዓለምን በሁለት መንገድ ያስተዳድራል። በአንዱ፣ ሉተራውያን «ቀኝ እጁ» በሚሉት፣ በስብከት፣ በጥምቀትና በቅዱስ ቁርባን ኃጢአትን ይቅር ይላል፤ እምነትን በልብ ይፈጥራል፤ መሣሪያው ቃል ብቻ ነው። በሌላው፣ «ግራ እጁ» በሚሉት፣ በሕግ፣ በዳኛ፣ በፖሊስና በግብር ክፋትን ይገታል፤ ሰላምን ይጠብቃል፤ መሣሪያው ሰይፍ ነው። ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው። ስለዚህ መንግሥት የሰይጣን ሥራ ነው ብሎ የሚሸሽ ክርስቲያን በሉተር ዘንድ እንደተሳሳተ ይቆጠራል። ክርስቲያን ያልሆነ ገዢም ፍትሕን ሲጠብቅ የእግዚአብሔርን ሥራ እየሠራ ነው።

በዚያው ድርሳን ሉተር፣ ዓለምን በወንጌል ላስተዳድር የሚለውን ሰው ተኩላ፣ አንበሳ፣ ንስርና በግ በአንድ በረት አስገብቶ «በሰላም ኑሩ፣ ግጦሹም በሩም ክፍት ነው» ከሚል እረኛ ጋር ያመሳስለዋል። በጎቹ ሰላም ይጠብቃሉ፤ ዕድሜያቸው ግን አይረዝምም። ይህ ምሳሌ ዛሬ «ክርስቲያናዊ መንግሥት» ለሚሉት ሰዎች ቀጥተኛ መልስ ነው። መንግሥት የሚያስተዳድረው የተቀላቀለ መንጋ ስለሆነ ለሁሉም የሚሠራ ፍትሐዊ ሕግ እንጂ የአማኞች መተዳደሪያ ደንብ አያስፈልገውም።

በ1530 የሉተር ባልደረባ ፊልጶስ ሜላንክቶን ያዘጋጀውና በንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ ፊት የተነበበው የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ ይህን ትምህርት በሁለት አንቀጾች አጸናው። አንቀጽ 16 ክርስቲያን ባለሥልጣን፣ ዳኛ፣ ወታደር፣ ነጋዴ መሆን፣ መሐላ መፈጸምና ማግባት ይችላል ይላል፤ ገዢዎች ኃጢአት እንዲሠራ ካላዘዙት በስተቀር ይታዘዛል፤ ካዘዙት ግን የሐዋርያት ሥራ 5፥29 ይሠራል፦ ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር። አንቀጽ 28 ደግሞ የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ሥልጣን እንዳይቀላቀሉ ያዛል። በዘመኑ ጳጳሳት ራሳቸው ጦርና ግዛት ያላቸው መሳፍንት ስለነበሩ አንቀጹ የተነጣጠረው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ወንጌል እንድትሰብክ ተልካ ሳለ ዘውድ ታወርዳለች፣ ዘውድ ትጭናለች የሚል ክስ ነበር።

ታዲያ ስሕተቱ የፖለቲካ ነው ወይስ የእምነት?

ሉተራውያን የእምነት ነው ይላሉ፤ ከሌሎች ተቺዎች የሚለያቸውም ይህ ነው። አንድ የሕግ ምሁር የአሜሪካን ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ (1791) ጠቅሶ መንግሥት ሃይማኖት ማቋቋም አይችልም ይላል። ሉተራዊው የሕጉን ጉዳይ ለሕግ ሰዎች ትቶ ወደ «ሕግና ወንጌል» ይሄዳል።

ሕግ እግዚአብሔር የሚያዝዘው ነው። ወንጌል እግዚአብሔር በክርስቶስ የሰጠው ነው። ሕግ እጅን ማሰር ይችላል፤ ሌባው እንዳይሰርቅ፣ ነፍሰ ገዳዩ እንዳይገድል። ልብን ግን ማሳመን አይችልም። አሁን መንግሥት «ክርስቲያን ሁኑ» ቢል ምን መለካት ይችላል? የሚታየውን ብቻ፦ ማን ጸሎት ላይ ተገኘ፣ ማን መሐላውን ደገመ፣ ማን በዓሉን አከበረ። ስጦታ የነበረው እምነት መሥፈርት ይሆናል። አስመሳዩ ይሾማል፤ ህሊናው የነቃው ይገፋል። በሉተራውያን አመለካከት ክርስቲያናዊ ብሔርተኝነት ከማንም በፊት የሚጎዳው ቤተ ክርስቲያንን ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላው ክርክር ስለ ተስፋ ቃል ነው። በአሜሪካ ሰልፎች ላይ አዘውትሮ የሚጠቀስ ጥቅስ 2ኛ ዜና 7፥14 ነው፤ ሕዝቤ ራሱን ቢያዋርድና ቢጸልይ ምድሩን እፈውሳለሁ የሚለው። ይህ ለሰሎሞን በቤተ መቅደሱ ምረቃ የተነገረ ቃል ነው። ሉተራውያን በአዲስ ኪዳን «ሕዝቤ» የሚባለው ከአሕዛብ ሁሉ የተጠመቀው ጉባኤ እንጂ ፓስፖርት የሚሰጥ አገር አይደለም ይላሉ። በዚሁ ሚዛን «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን የመዝሙር ቃል ለጸሎት እንጂ ለይዞታ ማረጋገጫ አናውለውም ቢል አንድ የመካነ ኢየሱስ ቄስ፣ ከትምህርቱ አልወጣም።

ሉተር ራሱ በ1525 የገበሬዎቹ አመፅ ጊዜ ያለው ነገር እዚህ ይጠቅማል። ገበሬዎቹ 12 ጥያቄዎች ይዘው ሲነሡ፣ በመጀመሪያ ጽሑፉ ጥፋቱን ያሸከመው መሳፍንቱን ነበር፤ ከጥያቄዎቹም ብዙዎቹ ትክክል ናቸው አለ። የተቃወመው አመፁን «ክርስቲያናዊ» ብለው መጥራታቸውን ነው፤ ስለ መብታችሁ ብትከራከሩ ተከራከሩ፣ የክርስቶስን ስም ግን የጉዳያችሁ ማኅተም አታድርጉት ነው ነገሩ። ደም ከፈሰሰ በኋላ ግን ፊቱን አዙሮ መሳፍንቱ ያለ ምሕረት እንዲጨፈጭፏቸው ጻፈ። በ1543 ደግሞ ማንም በእምነቱ አይገደድ ያለውን ረስቶ የአይሁድ ምኩራቦች እንዲቃጠሉ ገዢዎችን መከረ። በገዛ መርሑ ሲመዘን ራሱ ሉተር ቀሎ የተገኘባቸው ጊዜያት ናቸው፤ ሊሸፋፈኑም አይገባም።

ሉተራውያን ራሳቸው የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አልነበሩም እንዴ?

ነበሩ፤ ያውም ለ400 ዓመታት። የካቶሊክ ጳጳሳት ተሐድሶውን ባለመቀበላቸው አጥቢያዎችን የሚጎበኝ፣ ቄስ የሚሾም ጠፋ። ሉተር መስፍኑን «የችግር ጊዜ ጳጳስ» ሁን አለው፤ ቤቱ ሲቃጠል ማንም ባልዲ ያለው ይሩጥ በሚል ስሜት። ችግሩ ጊዜያዊ የተባለው ሹመት ሳይነሣ መቅረቱ ነው። በ1555 የአውግስበርግ ሰላም የመስፍኑ ሃይማኖት የግዛቱ ሃይማኖት እንዲሆን ወሰነ፤ በጀርመን መሳፍንቱ ቤተ ክርስቲያንን ማስተዳደራቸው የቆመው በ1918 ዘውዶቹ ሲወድቁ ነው። በስዊድን መለያየቱ የተፈጸመው በ2000 ነው። ኖርዌይ ሕገ መንግሥቷን በ2012 አሻሽላ ቤተ ክርስቲያኗን በ2017 ራሷን የቻለች ሕጋዊ አካል አደረገቻት። የዴንማርክ ሕገ መንግሥት ግን ዛሬም ወንጌላዊት ሉተራዊት ቤተ ክርስቲያን የሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ናት ይላል፤ ንጉሡም አባሏ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ታዲያ ይህ ክርስቲያናዊ ብሔርተኝነት አይደለም?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። ቅርጹ ይመሳሰላል፤ የተግባር ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ሆኗል። አገሪቱ የቤተ ክርስቲያን ከመሆን ይልቅ ቤተ ክርስቲያኗ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆነች፤ ቄሱም ልደትና ሞት የሚመዘግብ ሹም።

ጀርመን ውስጥ የምትኖሩ አንባቢዎች የዚህን ታሪክ ቅሪት በደመወዝ ወረቀታችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። የ1919 ሕገ መንግሥት የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን የለም ቢልም፣ የታወቁ የሃይማኖት ማኅበራት ግብር የመሰብሰብ መብት አላቸው፤ የ1949ኙ ሕገ መንግሥትም ይህንኑ እንዳለ ወስዶታል። የቤተ ክርስቲያን ግብሩ በባቫሪያና በባደን ቩርተምበርግ የገቢ ግብሩ 8 በመቶ፣ በሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች 9 በመቶ ነው። በወር 500 ዩሮ የገቢ ግብር የሚከፍል ሰው በ9 በመቶው 45 ዩሮ ይጨመርበታል፤ የሚሰበስበውም የመንግሥት ገቢዎች ቢሮ ነው። መኖሪያ አድራሻ ሲመዘገብ በሃይማኖት መጠይቁ ላይ «ወንጌላዊ» ብሎ የሚሞላ ሰው ይህ ሊቆረጥበት እንደሚችል ሳያውቅ ይፈርማል፤ ለመውጣት ደግሞ እንደየክፍለ ግዛቱ በፍርድ ቤት ወይም በክብር መዝገብ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ መልቀቂያ መፈረም ይጠይቃል።

ናዚዎች ጀርመንን በያዙበት በ1933 ምን ተበላሸ?

የሉተራውያን ትምህርት ክፉኛ የከሸፈው እዚህ ነው። «ጀርመናውያን ክርስቲያኖች» የተባለው ንቅናቄ በ1932 ተመሠረተ። ዓላማው ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትን በዘርና በሕዝብ ላይ የቆመ አንድ የአገር ቤተ ክርስቲያን ማድረግ ነበር። በሐምሌ 1933 የቤተ ክርስቲያን ምርጫ ሲደረግ ሂትለር በዋዜማው በሬዲዮ ደገፋቸው፤ አሸነፉም። በመስከረም የፕሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ የአይሁድ ዘር ያላቸውን ወይም የአይሁድ ዘር ያላት ሚስት ያገቡትን አገልጋዮች የሚያባርረውን «የአርያን አንቀጽ» ተቀበለ። በዚያው ወር በዊተንበርግ፣ በሉተር ከተማ፣ ሉድቪግ ሙለር የራይኽ (የመላ አገሪቱ) ጳጳስ ተብሎ ተመረጠ። ኅዳር 13 ቀን በበርሊን ስፖርት አዳራሽ ራይንሆልድ ክራውዘ የተባለው መሪያቸው ብሉይ ኪዳን እንዲጣል ሲጠይቅ የሞላው ሕዝብ አጨበጨበ።

ታዋቂ የሉተራን መምህራን የት ነበሩ? ቬርነር ኤለርትና ፓውል አልትሃውስ በሰኔ 1934 የአንስባኽ ምክር በተባለው ጽሑፍ ፈረሙ። ክርክራቸው እንዲህ ይሄዳል፦ እግዚአብሔር በፍጥረት ያቆማቸው ሥርዓቶች አሉ፤ ቤተሰብ፣ ሕዝብ፣ ዘር፤ መሪውም ከእነዚህ ሥርዓቶች የሚገኝ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ስሕተቱ ስውር ስለሆነ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ሉተር ለግራ እጁ የሰጠው ሥራ ክፋትን መግታት ነበር። እነሱ ግን ግራ እጁን ራሱን የቻለ መገለጥ አደረጉት፤ «ሕዝብ» ራሱ የእግዚአብሔር ድምፅ ሆነ፤ በዚያ መስክ ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቀው ጥያቄ አልቀረም። ሁለቱ አገዛዞች ያለ አንድ ጌታ ቀሩ።

ተቃውሞው የመጣው ከግንቦት 29 እስከ 31 ቀን 1934 በጀርመኗ ባርመን ከተካሄደው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤና ካወጣው መግለጫ ነው። የመግለጫው ዋና ጸሐፊ ካርል ባርት ሉተራዊ አልነበረም፤ ካልቪናዊ ነው። አምስተኛው ነጥቡ ግን ለሉተር ትምህርት ቅርብ ነው፦ መንግሥት ፍትሕና ሰላምን የመጠበቅ ተግባር አለው፤ ከዚህ አልፎ የሰው ሕይወት ብቸኛና ጠቅላላ ሥርዓት ልሁን ካለ ይሳሳታል፤ ቤተ ክርስቲያንም የመንግሥት ክንፍ ልሁን ካለች ትሳሳታለች። ሉተራዊው ዲትሪኽ ቦንሆፈር ደግሞ በሚያዝያ 1933 ቤተ ክርስቲያን በግፈኛ መንግሥት ፊት ሦስት ነገር ልታደርግ ትችላለች ብሎ ነበር፦ መንግሥትን ተግባርህ ይህ ነው ወይ ብላ መጠየቅ፤ ለተጎጂዎች፣ የእሷ አባላት ባይሆኑም፣ መድረስ፤ መንኰራኩሩ ሥር የወደቁትን ከማከም አልፎ መንኰራኩሩን ራሱን ማስቆም። እሱን ናዚዎች በሚያዝያ 9 ቀን 1945 በፍሎሰንቡርግ እስር ካምፕ በስቅላት ገደሉት።

ያው ትምህርት በኖርዌይ ሌላ ፍሬ አፈራ። በናዚዎች የተደገፈው የክቪስሊንግ አስተዳደር በየካቲት 1942 ልጆች ሁሉ በፓርቲው የወጣቶች ድርጅት እንዲገቡ ሕግ አወጣ። በኦስሎው ጳጳስ አይቪን በርግራቭ የሚመሩት ጳጳሳት የካቲት 24 ቀን ከመንግሥት ሹመታቸው ለቀቁ፤ በፋሲካ ቀን፣ ሚያዝያ 5፣ «የቤተ ክርስቲያን መሠረት» የተባለው መግለጫ በየአጥቢያው ተነበበ፤ እጅግ የሚበዙት ቄሶችም ተከተሏቸው። የለቀቁት ምኑን ነው? ደመወዙንና የመንግሥት ሹምነቱን ብቻ። ስብከቱን፣ ጥምቀቱን፣ ቀብሩን በምእመናን መዋጮ እየኖሩ ቀጠሉ። ከመንግሥት የመጣው ለመንግሥት ይመለስ፤ የክህነቱ ጥሪ ግን ከመንግሥት አልመጣምና አይመለስም አሉ። የሁለቱን አገዛዞች ልዩነት በተግባር ማየት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚያገኝ አይመስለንም።

ኢትዮጵያ ውስጥስ?

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ከዓለም ታላላቅ ሉተራውያን አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት። በጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ስትመሠረት፣ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ብሎ ደንግጎ ነበር። እንግዲህ ይህች ሉተራዊት ቤተ ክርስቲያን ከጀርመንና ከስዊድን እህቶቿ በተለየ የመንግሥት ሆና አታውቅም። ሆኖም ግንኙነቱ ቀላል አልነበረም። ለረጅም ዓመታት ፕሬዚዳንቷ የነበሩት አቶ አማኑኤል አብርሃም በዚያው ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትር ነበሩ። በሉተር ትምህርት አንድ ሰው ሁለት ጥሪ መያዙ አይከለከልም፤ መደባለቅ የሌለባቸው የሁለቱ ሥራዎች መሣሪያዎች ናቸው።

ቤተ ክርስቲያኗ በ1972 ጄኔቫ ለሚገኘው የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ እስካሁን ይጠቀሳል። ለጋሾቹ ለልማት ገንዘብ ሲሰጡ ለስብከት ይነፍጋሉ፤ ሰውን ለሁለት እየከፈላችሁ ነው፣ ሥጋውን ከነፍሱ አትለዩ የሚል ነበር። ዋና ጸሐፊው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአብዮቱ በኋላ ይህን አስተሳሰብ ወደ መንግሥት አዞሩት፤ ፍትሐዊ የመሬት ለውጥን ክርስቲያን ሊደግፍ ይችላል፤ ርዕዮተ ዓለም ግን የክርስቶስን ቦታ ልውሰድ ሲል መልሱ እምቢ ነው። ደርግ ደጋግሞ አሰራቸው፤ በሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ።

የዛሬው ሕገ መንግሥት፣ የ1987 ዓ.ም.፣ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። ብዙ ሰው ይህንና የሁለቱን አገዛዞች ትምህርት አንድ ያደርጋል። አንቀጹ በሁለት ተቋማት መካከል አጥር ያቆማል። የሉተር ትምህርት ደግሞ ገዢውን ጭምር በእግዚአብሔር ሕግ ሥር ያኖረዋል፤ ድሃ ሲበደል መስፍኑን በስሙ ጠርቶ መገሠጽ የሰባኪው ሥራ ነው ይላል። ጣልቃ መግባት የሚሆነው ሰባኪው ሰይፉን ልያዝ ሲል፣ ወይም መስፍኑ ስብከቱን ልጻፍልህ ሲል ነው።

በአጥቢያ ደረጃ ይህ እንዴት ይሠራል?

ባንዲራ በቤተ መቅደስ ውስጥ ይቁም ወይ የሚለው በአሜሪካ አጥቢያዎች የሚያከራክር ነው። በሉተራውያን አነጋገር ይህ «ያልታዘዘም ያልተከለከለም» ከሚባሉት ነገሮች ይመደባል፤ ቢቆም ኃጢአት አይደለም፣ ባይቆምም ክህደት አይደለም። ነገር ግን በ1577 የተዘጋጀው የስምምነት ቀመር በአንቀጽ 10 አንድ ነገር ይጨምራል፦ እንዲህ ያለው ነገር በግዴታ ሲጫን፣ ወይም እሺ ማለቱ የእምነት ክህደት ተደርጎ ሲታይ፣ ነጻ ነገር መሆኑ ያበቃል፤ ያን ጊዜ እምቢ ማለት ግድ ይሆናል። በተግባር የሚታየው ቦታው ነው። ጓዳ ውስጥ ወይም መግቢያው ላይ ያለ ባንዲራ ማንንም አያስጨንቅም። ከመሠዊያው ጎን ቆሞ የሌላ አገር ሰው ሊቆርብ ሲመጣ «ይህ የእኛ ነው» የሚል ከመሰለ ሽማግሌዎቹ ማንሣት አለባቸው።

ለመሪዎች መጸለይ የታዘዘ ነው፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2። የሚበላሸው ጸሎቱ ለአንድ ፓርቲ ድል ሲሆን፣ ወይም መሪው «የተቀባ» ተብሎ ከትችት በላይ ሲደረግ ነው።

ከስብከት መድረክ ላይ የዕጩ ስም መጥራትስ? በአሜሪካ ከ1954 ጀምሮ ከግብር ነጻ የሆኑ የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ዕጩን እንዳይደግፉም እንዳይቃወሙም ሕግ ይከለክላል፤ በ2025 የግብር ባለሥልጣኑ ለፍርድ ቤት ባቀረበው ጽሑፍ፣ ቤተ ክርስቲያን በአምልኮ ጊዜ ለራሷ ምእመናን የምትናገረው በዚህ ክልከላ መታየት የለበትም የሚል አቋም ወሰደ። ክልከላው ቢነሣ እንኳ የሉተራዊው ቄስ ችግር አብሮ አይነሣም። ቄሱ «እንዲህ ይላል እግዚአብሔር» ብሎ የመናገር ሥልጣን ያለው ቃሉ በግልጽ በተናገረበት ነው። ድሃ አይበደል፣ በሐሰት አይመስከር፣ መጻተኛ አይገፋ ሊል ይችላል፤ ይገባዋልም። የግብር መጣኔው ስንት ይሁን፣ ድንበሩ በምን ይጠበቅ፣ ማን ይመረጥ ለሚለው ግን ከእግዚአብሔር የተላከ መልስ በእጁ የለም። አለኝ ካለ፣ በሌላው ዕጩ የሚያምነው ምእመን በፖለቲካ ልዩነቱ ከክርስቶስ የተለየ እየመሰለው ይወጣል።

መስመሩ የት ላይ እንደሚሰመር ግን ሉተራውያን እርስ በርሳቸው አይስማሙም። በአሜሪካ ትልቁ ሉተራዊ አካል፣ ኢ.ኤል.ሲ.ኤ.፣ ስለ ማኅበራዊ ጉዳዮች ሰፋፊ መግለጫዎች ያወጣል፤ በ2025 ጉባኤውም ስለ እምነትና ሕዝባዊ ሕይወት አንድ መግለጫ አጽድቋል። ወግ አጥባቂው የሚዙሪ ሲኖዶስ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እንደ ተቋም ቃሉ ግልጽ ባልሆነበት ብዙ አትናገር ይላል፤ ይሁንና በ2023 ፕሬዚዳንቱ የነጭ የበላይነትን የሚሰብኩ አባላት ንስሐ እንዲገቡ፣ እምቢ ካሉም እንዲለዩ በደብዳቤ አዟል። ሁለቱም የሚጠቅሱት ያንኑ የ1530 መግለጫ ነው።

ዝምታ የሚያበቃው መቼ ነው?

ለዚህ ከደቡባዊ አፍሪካ የበለጠ የሚያስተምር የለም። ሚሲዮናውያኑ ጥቁር ሉተራውያንን «ፖለቲካ የሌላኛው መንግሥት ነው» እያሉ ነበር ያሳደጓቸው። በሰኔ 1971 ግን በደቡብ አፍሪካ ትገዛ የነበረችው የናሚቢያ ሉተራውያን መሪዎች ሊዮናርድ አዋላና ፓውሉስ ጎዋሴብ ለደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተር ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ በዘር መለያየቱ (አፓርታይድ) ሰብአዊ መብትን ይጥሳልና ይቁም አሉ። ያንኑ የተማሩትን ትምህርት ሙሉውን አንብበውት ነበር።

በ1977 ዳሬሰላም የተሰበሰበው የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን አፓርታይድን የእምነት ምስክርነት የሚጠይቅ ጉዳይ ነው ብሎ ወሰነ። ይህ ማለት ከእንግዲህ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ሊያስብበት የሚችል የፖለቲካ ምርጫ አይደለም፤ እምነቱ ራሱ አደጋ ላይ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ በየምርጫው የሚነሣ አይደለም፤ ካበዙት ይረክሳል። ሰባት ዓመት ጠብቀው በ1984 በቡዳፔስት ጉባኤ ሁለት የነጮች አብያተ ክርስቲያናት፣ አንዷ ከደቡብ አፍሪካ ኬፕ፣ ሌላዋ ከናሚቢያ፣ ከአባልነት ታገዱ። የቀረበባቸው ክስ ለየትኛው ፓርቲ ድምፅ እንደሰጡ አልነበረም። አፓርታይድን በይፋ አልተቃወሙም፤ በዘር የተከፈለውንም ቤተ ክርስቲያናቸውን አንድ ለማድረግ አልፈቀዱም የሚል ነበር።